ቤት ለማሠራት ታማኝ ሥራ ተቋራጭ ስለ መምረጥ

ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተነገረ ንግግር




አንድ ቤተ ሰብ በዕድሜው ቤት የሚያሠራው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ሥራ ተቋራጩ ግን በየዓመቱ ይሠራል። አሠሪው ሲሚንቶና አሸዋ በምን ልክ እንደሚደባለቁ፣ ፌሮ በሜትር ምን ያህል እንደሚመዝን፣ መሠረት እስከ ምን ድረስ መቈፈር እንዳለበት ሳያውቅ፣ ይህን ሁሉ አጥርቶ ከሚያውቅ ሰው ጋር ለውል ይቀመጣል። ከዚህ የዕውቀት መበላለጥ የተነሣ፣ በዕቁብ፣ ከደመወዝ በሚቀነስ ቁጠባና በዘመድ ርዳታ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ በጋ ሲባክን፣ ግድግዳውም እስከ መስኮት ደርሶ ሣር ሲበቅልበት በየከተማው ዳርቻ ይታያል። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ባለቤቱ ገንዘብ ያጠረው ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ሳይሆን ገንዘቡ ከሥራው ቀድሞ መከፈሉ ነው።

ታማኝነት በከፊል ተጠይቆና ተመርምሮ የሚገኝ፣ በከፊል ደግሞ በውልና በአከፋፈል ሥርዓት ተጠብቆ የሚኖር ነገር ነው። መልካም ስም ያለው ሰው እንኳ የዓመት ሥራ ዋጋ በአንድ ቀን በእጁ ቢገባ፣ በሌላ ቦታ የጀመረውን ሥራ ጉድለት በዚሁ ገንዘብ ለመሙላት ይፈተናል። ከዚያም ሦስተኛ ሥራ ይይዝና የሁለተኛውን ጉድለት በሦስተኛው ይሸፍናል። በሌብነት ያልጀመረ ሰው በዚህ መንገድ ሌባ ተብሎ ወደ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ አሠሪው ሰውየውን መመርመር ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው ታማኝ ሆኖ ለመቆየት የሚያስችለውን ሥርዓት አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት።

በተለመደው አሠራር ተቋራጭ የሚመረጠው በዝምድና፣ በአንድ ሰበካ ወይም በአንድ መስጊድ በመገናኘት፣ ወይም ጎረቤት ስላመሰገነው ነው። ይህ ልማድ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ የሚተዋወቁ ሰዎች ይተፋፈራሉና። ጕዳቱ ግን እፍረቱ በአሠሪው በኩል ብቻ መብዛቱ ነው። ዘመዱን ለሥራ የያዘ ሰው ግድግዳው ሲዘም እያየ ለመናገር ያፍራል፤ ዘመዱ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ለመጠየቅ አያፍርም። ሌላው ደግሞ በዋጋ ማነስ ብቻ ይመርጣል። ከአራት ተቋራጮች ሦስቱ የሚቀራረብ ዋጋ አቅርበው አራተኛው በሲሶ ዝቅ ቢል፣ ያ ሰው ወይ ሒሳብ አያውቅም፣ ወይ ከሲሚንቶው ለመቀነስ አስቧል፣ ወይም ሥራውን ከያዘ በኋላ ዋጋ ለማስጨመር አቅዷል። ከሦስቱ አንዱም ለአሠሪው አይበጀውም።

በማዕረግ የሚታለልም አለ። ትልልቅ ሥራ የሚይዙ ተቋራጮች የሥራ ፈቃድና የደረጃ የምስክር ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል፤ ወረቀቱንም መጠየቅ ነውር አይደለም። ግልባጩን ሳይሆን ዋናውን ማየት ያሻል። የአንዱ ፈቃድ በሌላው እጅ እየዞረ ሥራ የሚያዝበት ጊዜ አለና፣ ፈቃዱ የማን እንደሆነ፣ በሥራው ቦታ በየቀኑ የሚገኘውስ ማን እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ ይገባል። ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ለማሠራት ግን ትልቅ ደረጃ ያለውን ተቋራጭ መፈለግ ትርፉ ወጪ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ አጠናውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም፣ ጭዱን ከጭቃው ጋር አስቦክቶ የሚመርግ፣ በሰፈሩ የታወቀ አናጢና ግንበኛ ይበቃል።

የተቋራጭ እውነተኛ የምስክር ወረቀት ቀድሞ የሠራቸው ቤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ትናንት ቀለም የተቀባውን ቤት ማየት ብዙ አያስተምርም፤ አዲስ ቤት ሁሉ ያምራል። ሊታይ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ያሳለፈ ቤት ነው። ቤት ለማሠራት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ተቋራጭ መፈለግ የሚጀምረው መሬቱ ከደረቀ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የተሻለው ጊዜ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናቡ ራሱ መርማሪ ሆኖ በየቤቱ ሲዞር፣ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ሥር እስከ ምን ድረስ እንደወጣ፣ የጓሮው ውሃ ከቤቱ እየራቀ ወይም ወደ መሠረቱ እየገባ መሆኑ በዐይን ይታያል። ልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጕር የቀጠነ ስንጥቅ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይናገራል። ክረምት በመጣ ቁጥር አልዘጋ የሚል በርም እንዲሁ ይመረመራል፤ እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ካልሆነ፣ መቃኑ ከግድግዳው ጋር ዘምሟል ማለት ነው። ልስኑን በጣት አንጓ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ተላቋል።

የቤቱን ባለቤት ስለ ተቋራጩ ሲጠይቁ «ሰውየው ጥሩ ነው ወይ?» ማለት የትም አያደርስም። ለዚህ ጥያቄ ሰው ሁሉ በጨዋነት «ደኅና ነው» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ሥራው በተባለው ቀን አለቀ ወይ? ከውሉ በላይ ስንት ጊዜ ገንዘብ ተጠየቀ? ቤቱ ካለቀ በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ተጠርቶ መጣ ወይስ ስልኩን ዘጋ? ከነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጣል። ተጠርቶ የመጣ ተቋራጭ ቤቱ ቢያፈስም የሚናቅ አይደለም፤ ጉድለት የሌለበት ሥራ የለምና።

ከባለቤቶቹ ይልቅ እውነቱን የሚያውቁ ሌሎች ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛዎቹ የቀን ሠራተኞቹ ናቸው። ቅዳሜ ማታ ደመወዛቸው በሰዓቱ ይከፈላቸው እንደሆነ፣ ወይስ «ሰኞ፣ ማክሰኞ» እየተባሉ ይመላለሱ እንደሆነ ቢጠየቁ ሳይሸሽጉ ይናገራሉ። ጭቃ የምታቀብለዋን ሴት የላቧን ዋጋ የሚያዘገይ ሰው፣ አሠሪውን የሚያከብርበት ምክንያት አይገኝም። ሁለተኛው የሕንፃ ዕቃ ነጋዴው ነው። ተቋራጩ የፌሮና የሲሚንቶ ዕዳ ተቈልሎበት እንደሆነ ነጋዴው ያውቃል። በዕዳ የተያዘ ተቋራጭ አዲስ ሥራ የሚፈልገው ቤት ለመሥራት ሳይሆን የቆየ ዕዳ ለመክፈል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አፈር መናገር የግድ ነው፤ የተቋራጩ ዕውቀት ፈጥኖ የሚፈተነው በዚህ ነውና። በብዙ ከተሞች ዙሪያ የሚገኘው፣ እንደየአገሩ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለው ቤትም አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይንቀሳቀስ ግድግዳው ይቀደዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጽኑ መሬት እስኪገኝ መቈፈር፣ ይህ ካልተቻለም በሚበቃ ጥልቀት አውጥቶ በተመረጠ አፈርና ድንጋይ ተክቶ መጠቅጠቅ፣ የጣሪያና የጓሮ ውሃም ከመሠረቱ እንዲርቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ፎቅ ለሚሠራ ሰው የመሐንዲስ ምርመራ የማይታለፍ ነው። ጥልቀቱን የሚወስነው የቦታው ጠባይ እንጂ የተቋራጩ ልማድ አይደለም። ስለዚህ ቦታውን ሳያይ በካሬ ሜትር ይህን ያህል ብሎ ዋጋ የሚቈርጥ ሰው ሲገኝ፣ ስለ አፈሩ ያልጠየቀበትን ምክንያት መጠርጠር ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ቦታ በክረምት ውሃ ይቋጥራል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ግን ቢያንስ ሥራውን ያውቃል።

ተቋራጩ ከተመረጠ በኋላ ውል ይመጣል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደተባለው፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል። ዋጋውንና የማለቂያውን ቀን ብቻ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ግን ውል ለመባል አይበቃም። ፕላኑ፣ የሥራው ዝርዝር፣ የፌሮው ውፍረት፣ የብሎኬቱ ስፋት፣ የድብልቁ ልክ፣ የቆርቆሮው ጌጅ ሁሉ ከውሉ ጋር ይያያዛሉ። በጌጅ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቍጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው የሚወፍር ይመስለዋል። ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። ዝርዝሩ አንድ ሆኖ ለሁሉም ተቋራጮች ካልተሰጠም ዋጋቸውን ማወዳደር አይቻልም፤ አንዱ በወፍራም ፌሮ፣ ሌላው በቀጭኑ አስቦ ሊሆን ይችላልና።

ሕጉ ለአሠሪው ያደረገለትን ጥበቃ ብዙ ነዋሪ አያውቀውም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል የሚናገረው ክፍል ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በቍጥር 3039 እንደተደነገገው፣ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራውን ደኅና መሆንና የሕንፃውን ጽናት ዋስ ሆኖ ይጠበቃል። በአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ በተሠራበት አፈር ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው መፍረስና መበላሸትም ኀላፊ ነው። እንግዲህ «አፈሩ ነው ያበላሸው» የሚለው ምክንያት ከኀላፊነት አያድነውም። የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመታት በፊት ባቆመው ሕግ፣ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን የገደለበት ግንበኛ በሞት ይቀጣ ነበር። የዛሬው ሕግ ከዚያ እጅግ የለዘበ ነው፤ ይሁን እንጂ 10 ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም።

ስለ ቀብድና ስለ ዋስም እንዲሁ ነው። በሕጉ ቍጥር 1883 እና 1885 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድና የቅድሚያ ክፍያ ግን አንድ አይደሉም፤ በደረሰኙ ላይ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ዋስን በተመለከተ፣ በሠርግና በለቅሶ የተከበረ ሽማግሌ ተነሥቶ «እኔ አለሁ» ቢል፣ ቃሉ የክብር ቃል መሆኑ አያጠራጥርም፤ በፍርድ ቤት ግን አይጸናም። የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልሆነ፣ ዋሱም እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ከፍተኛው ልክ ካልተወሰነ፣ በቍጥር 1725 እና 1922 መሠረት ፈራሽ ነው። በዚህ ምክንያት ዋስ ጠርተው የተማመኑ ስንት አሠሪዎች በችሎት ፊት ባዶ እጃቸውን እንደቆሙ ጸሐፊዎቹ ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ገንዘብ ግድግዳውን ተከትሎ ይሂድ እንጂ ከግድግዳው አይቅደም። ለምሳሌ ያህል ሥራው ሲጀመር ከመቶ 10፣ መሠረቱ ሲያልቅ 20፣ ግድግዳው ሲቆም 20፣ ጣሪያው ሲለብስ 20፣ ልስኑ፣ ወለሉ፣ በሩና መስኮቱ ሲያልቅ 15፣ በርክክብ ቀን 10 ተከፍሎ፣ የቀረው 5 የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ ቢከፈል፣ አሠሪውም ተቋራጩም አይጐዱም። ይህ ሕግ የወሰነው ክፍያ ሳይሆን በስምምነት ሊለዋወጥ የሚችል ምሳሌ ነው። ሊለዋወጥ የማይገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በማናቸውም ቀን ሥራው ቢቋረጥ፣ በቀረው ገንዘብ ሌላ ተቋራጭ ቀጥሮ ቤቱን መጨረስ መቻሉ ነው። ተቋራጩ ለዕቃ መግዣ ቅድሚያ ገንዘብ ቢጠይቅ፣ አሠሪው ራሱ ወደ ነጋዴው ሄዶ ይክፈልና ደረሰኙን በስሙ ይያዝ። በእጅ ዋጋ ብቻ የተዋዋለ ሰው ይህን የማድረግ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ዕቃውን መጠበቅና መቍጠር የራሱ ሥራ ይሆናል።

ለመቍጠርም ጥቂት ልኮችን ማወቅ ይበቃል። ፌሮ ብዙውን ጊዜ በ12 ሜትር ርዝመት ይሸጣል። 12 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው አንዱ ዘንግ 10 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል፣ 10 ሚሊ ሜትሩ 7 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል፣ 8 ሚሊ ሜትሩ 4 ኪሎ ከ700 ግራም ያህል ይመዝናል። በሚዛን ተጭኖ ከዚህ በብዙ ያነሰ እንደሆነ፣ በወረቀቱ የተጻፈው ውፍረት በብረቱ ላይ የለም። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ይፈጃል። ርዝመቱና ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል አራቱ ግድግዳዎች 48 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ሜትር ቢቀነስ የሚሰበረውን ጥቂት ሳይጨምር 550 ብሎኬት ያህል ይገባበታል። 800 ተገዝቶ አልበቃም የተባለ እንደሆነ፣ የቀረው በሌላ ሰው ግድግዳ ውስጥ ይገኛል።

የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ ባዶ ከረጢቶቹ ሳይጣሉ እስከ ሥራው ፍጻሜ ተጠብቀው ቢቈጠሩ የገባው ሁሉ ይታወቃል። ለአርማታ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ድብልቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው፤ ልኩም በሳጥን እንጂ በአካፋ ግምት አይወሰድም። አሸዋው አፈር የበዛበት እንደሆነ ለመለየት ጥቂቱን በውሃ በተሞላ ጠርሙስ አድርጎ መበጥበጥና ማስቀመጥ ነው፤ አሸዋው ከታች ተኝቶ በላዩ ወፍራም የጭቃ ድርብ ከታየ ታጥቦ ወይም ተለውጦ መምጣት አለበት። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል፤ ብርታቱ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ውሃ ማጠጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህም ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። ሰነፍ ሠራተኛ ደግሞ ለማፍሰስ እንዲቀለው ድብልቁን በውሃ ያቀጥነዋል፤ እንዲህ የቀጠነ አርማታ ቢደርቅም ደካማ ነው።

በዚህ አንፃር ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው በሌለበት ቤት የሚያሠራው ሰው ነው። በቤይሩት፣ በጅዳ ወይም በዱባይ በሰው ቤት እየሠሩ ለወላጆቻቸው ቤት የሚያሠሩ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ገንዘቡን የሚቀበለው፣ ተቋራጩን የሚመርጠውና ሥራውን የሚቈጣጠረው አንድ ዘመድ ሲሆን፣ ያ ዘመድ ታማኝ ቢሆንም እንኳ የሚጠይቀው ስለሌለ መሳሳቱ አይቀርም። ገንዘቡ በልጅቱ ስም በባንክ ተቀምጦ፣ የሚከፍለው አንድ ሰው፣ ሥራው ለዚያ ክፍያ መድረሱን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል። የውክልናው ወረቀትም ምን ማድረግ እንደሚፈቅድ ለይቶ ይጻፍ፤ ቤት ለማሠራት የተሰጠ ውክልና ቤቱን ለመሸጥ ሥልጣን እንዳይሰጥ። ፎቶግራፍ በስልክ መላኩ የተለመደ ሆኗል፤ ይሁንና የሚላከው ብዙውን ጊዜ የተቀባው ግድግዳ ነው። ልጅቱ መጠየቅ ያለባት በአፈርና በአርማታ የሚሸፈነውን ነው፤ ጕድጓዱ ከመሞላቱ በፊት ሜትር ገብቶበት፣ ፌሮው አርማታ ሳይፈስበት በቍጥር እየታየ ፎቶግራፍ ይነሣ። ከተሸፈነ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የእምነት ነገር ነው።

ነገሩን በተቋራጩ በኩል ማየትም ፍትሕ ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ሳሎኑ ይስፋ፣ መስኮቱ በዚህ ይዙር እያለ ፕላን የሚለውጥ፣ የለውጡንም ዋጋ ለመክፈል የሚያንገራግር አሠሪ ጥቂት አይደለም። የመሠረቱን ክፍያ ሁለት ወር አዘግይቶ ሠራተኞቹ ከተበተኑ በኋላ «ሥራው ለምን ቆመ?» የሚልም አለ። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ በአንድ በጋ ውስጥ ከፍ ሊል እንደሚችል የታወቀ ስለሆነ፣ ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ሁለት ጨዋ ሰዎች ጠላት ይሆናሉ። ማናቸውም ለውጥ ከነዋጋውና ከነቀኑ ተጽፎ ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙበት። ጥሩ ተቋራጭም አሠሪውን ይመርጣል፤ የሚጽፍና በቀኑ የሚከፍል አሠሪ በግንበኞች ዘንድ ስሙ ይታወቃል።

የአስተዳደር ሠራተኞች ድርሻ በዚህ ጉዳይ ትንሽ አይደለም። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ፕላኑን አይቶ ማኅተም መምታት ብቻ ሳይሆን፣ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት በቦታው ተገኝቶ ማየት ከብዙ ክስ ያድናል። ቀለል ያለ የውል ናሙና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላት ባልቴት ከርሱ ትገለብጣለች። ደግሞም ሹም የሆነ ሰው «እገሌን ያዝ፣ እርሱ ያውቅበታል» እያለ ለባለጉዳይ ተቋራጭ መጠቆም አይገባውም፤ ከሹም አፍ የወጣ ምክር ለባለጉዳዩ ትእዛዝ ይመስለዋልና።

ሥራው ሲያልቅ አሠሪው፣ ተቋራጩና ከተቻለ አንድ ሌላ ባለሙያ አብረው ቤቱን ይዞሩታል። በር ሁሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቧንቧው ይለቀቃል፤ ቱንቢ በማዕዘኑ ይወርዳል፣ ውሃ ልክ በወለሉ ይጋደማል። የጐደለው ተዘርዝሮ የሚሟላበት ቀን ይጻፋል፤ የርክክቡም ወረቀት ቀኑን ይዞ ይፈረማል። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ቤቱ ዳግመኛ ከታየ በኋላ የመጨረሻው ክፍያ ይሰጣል። ውሉ፣ ፕላኑ፣ ቧንቧውና የመብራቱ መስመር በግድግዳው ውስጥ የሚያልፍበትን የሚያሳየው ንድፍ፣ ደረሰኞቹና የርክክቡ ወረቀት ከቦታው ካርታ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጡ፤ አሥሩ የዋስትና ዓመታት የሚቈጠሩት በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ ነውና።